ተስፋም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ርዕስ ለእኔ ቀላል አይደለም። በራሴ ላይ የምመሰክርበት ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከጁሙዓ ሶላት ቀደም ብሎ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። አባቱ በጠና ታመዋል። ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ጉበታቸውን ጎድቶታል። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ሐኪሞቹ የቀረው መፍትሔ ንቅለ ተከላ ነው ብለዋል፤ ከቤተሰቡ ግን ጉበት ለመስጠት የሚስማማ ሰው አልተገኘም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ መልእክት አሳየኝ። ውጭ አገር ያለ የአንድ ክሊኒክ ወኪል የላከው ነው። ቀዶ ጥገና የለም፣ ለጋሽ አያስፈልግም፣ በስቴም ሴል ጉበት ይታደሳል ይላል። "ድኛለሁ" የሚሉ ሰዎች ቪዲዮም አብሮ አለ። ቤተሰቡ ቤቱን ለመሸጥ ተስማምቷል። የጎደለውን ጀማዓው እንዲሞላላቸው እንድናገር ለመነኝ።

ከሶላት በኋላ ማይክ ያዝኩ። "ይህ ሕክምና አባታችንን ያድናቸዋል ኢንሻአላህ፤ እጃችሁን ዘርጉ" አልኩ። ሰዉ ዘረጋ። በር ላይ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት የዕለት ገቢያቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው እንዳለ ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባት ሄዱ፤ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው፤ ተመለሱ። ሦስት ወር ሳይሞላቸው ወደ አኺራ ተሻገሩ። አላህ ይዘንላቸው። ቤተሰቡ ኪራይ ቤት ገባ። ልጁ ከወራት በኋላ መጣና ድምፁን ሳያነሳ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ኡስታዝ፣ ያን ቀን 'ያድናቸዋል' ሲሉ አጣርተው ነበር?"

አላጣራሁም። የሚብሰው ደግሞ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው ነኝ። ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ግን ያንን ልጅ ፊት ለፊት አይቶ "ቆይ እስቲ፣ እንጠይቅ" ማለት ጭካኔ መሰለኝ። "ኢንሻአላህ" የምትለዋን የተከበረች ቃል፣ ባልመረመርኩት ነገር ላይ እንደ ማኅተም መታኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ለሚሞት ሰው ቤተሰብ ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት ርኅራኄ ነው ወይስ ማታለል?

ዑለማዎቻችን በአንድ ነገር ላይ ሑክም የሚሰጠው ነገሩን በሚገባ ከተረዱ በኋላ እንደሆነ ያስተምሩናል። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ።

ጉበት የአላህ ጥበብ ጎልቶ ከሚታይባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስ እና አንደርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ሲወጣ፣ የቀረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ የቀድሞ መጠኑን እንደሚይዝ አሳዩ። በሰው ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ከጉበቱ ግማሽ የሚያህለውን ለወንድሙ ቢሰጥ፣ ለሰጪው የቀረውም ለተቀባዩ የተሰጠውም በየፊናው ያድጋል። ሱብሓነላህ!

ታዲያ ራሱን የሚያድስ ጉበት ለምን ይከሽፋል? ቫይረስ፣ አልኮል ወይም ሌላ ጉዳት ለዓመታት ሲደጋገምበት ቁስሉ በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳው የደም መተላለፊያውን ያጠባል፣ ሕዋሳቱ የሚያድጉበትን ሥርዓት ያፈርሳል። ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ይህ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ የዘር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ማሳው ራሱ ድንጋይ ሆኗል።

ስቴም ሴል (ግንደ ሕዋስ) ደግሞ ራሱን ማባዛትና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መቀየር የሚችል ሕዋስ ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም። የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በመቅኒ ንቅለ ተከላ ለአሥርታት ሲታከሙ ኖረዋል፤ የሚሠራው በመቅኒ ውስጥ ያለው የደም ስቴም ሴል ነው። በዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ የሆነው ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ለደም የተረጋገጠው ስም፣ ለጉበት ሲባል ተውሶ ይሸጣል።

በጉበት ላይ ያለው እውነታ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን ውስጥ ታካኖሪ ታኬቤና ባልደረቦቹ ከስቴም ሴል በመነሳት ጥቃቅን የጉበት እምቡጦችን አበቀሉ፤ ወደ አይጥ ሲዛወሩም ሠሩ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግን በአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ አንድ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ 81 የሲሮሲስ ታማሚዎችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፈለ። አንዱ የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ፤ ሁለተኛው ስቴም ሴልን ከመቅኒ የሚያስወጣ መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው በመድኃኒቱ ላይ የራሱን ስቴም ሴል ጨምሮ ተሰጠው። ስቴም ሴል የተሰጣቸው ታማሚዎች ጉበት ካልተሰጣቸው የተሻለ አልሠራም። ይልቁንም በእነርሱ ላይ ጎልቶ የታየው ጉዳት ነበር። በቻይናና በኮሪያ የተደረጉ አንዳንድ አነስተኛ ሙከራዎች በጎ ምልክት አሳይተዋል፤ ይህን መደበቅም ፍትሕ አይደለም። ምርምሩ ቀጥሏል። ነገር ግን ለከሸፈ ጉበት የንቅለ ተከላን ቦታ የተካ መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

እንግዲህ ወኪሉ "ይታደሳል" ሲል፣ ሊቃውንቱ "ገና እየፈለግን ነው" የሚሉትን ነገር እየሸጠ ነበር።

ብዙ ወጣቶች ስለ ስቴም ሴል ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚሉት "ኡስታዝ፣ ሐራም ነው?" ነው። ከምንጩ አንጻር መልስ ተሰጥቶበታል። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባደረገው ስብሰባ፣ ስቴም ሴል ከተፈቀደ ምንጭ ከሆነ ለሕክምናና ለምርምር መጠቀም እንደሚቻል ወስኗል፤ ለምሳሌ ከፈቃደኛ አዋቂ፣ ከእትብት፣ ከእንግዴ ልጅ። ሆን ተብሎ ከተደረገ ውርጃ መውሰድን ግን ከልክሏል። በሕይወት ካለ ሰው የአካል ክፍል መለገስንም የጅዳው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በመስፈርት ፈቅዷል፤ መሸጥን ከልክሏል። ስለዚህ ጉበቱን ለአባቱ ለመስጠት የሚያስብ ወንድም በዚህ በኩል ልቡ አይጨነቅ።

ግን የሐላልና የሐራም ጥያቄ ሕዋሱ ከየት መጣ በሚለው ብቻ አያልቅም። የሕዋሱ ምንጭ ሐላል ሆኖ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ቃል ሐራም ሊሆን ይችላል።

የገበያውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸው እርጥብ ነገር አገኘ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ያ ሰው ድንጋይ አልሸጠም። እህል ነበር የሚሸጠው። ጥፋቱ እርጥቡን ከደረቁ ሥር መደበቁ ነው። "አይረጋገጥም" የሚለውን ቃል ከ"ይታደሳል" ሥር የሚደብቅ ሰውም ያው ነው። እህል ያጣ ሰው ሌላ ገበያ ይሄዳል፤ አባቱ የሚሞትበት ልጅ ግን ወዴት ይሄዳል?

ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆንም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እኔ መርፌ አልያዝኩም። ግን ማይክ ይዤ ነበር። በዚያ ቀን ሰዉ ያመነው ወኪሉን አልነበረም፤ ወኪሉን ማንም አያውቀውም። ያመነው እኔን ነው።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ይለኛል፦ "ኡስታዝ፣ አላህ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳወረደ ተነግሮን የለም? መሞከር ተወኩል አይደለም? ተስፋ መቁረጥስ ሐራም አይደለም?"

እውነት ነው፤ ከአላህ ራሕመት ተስፋ መቁረጥ ሐራም ነው። ነገር ግን በአላህ ተስፋ ማድረግና በወኪል መልእክት መተማመን አንድ አይደሉም። ኢማሙ ገዛሊ በኢሕያ ዑሉሙዲን ስለ ተወኩል ሲጽፉ ጉዳትን የምንከላከልባቸውን ሰበቦች በሦስት ይከፍላሉ። የመጀመሪያው እርግጠኛው ነው፦ ለጥም ውሃ፣ ለረሃብ ዳቦ። ሁለተኛው ሚዛን የሚደፋ ግምት ያለበት ነው፦ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ሕክምና እዚህ ይመደባል። ሦስተኛው የመላምት ሰበብ ነው። እርግጠኛውን መተው ተወኩል አይደለም። ሦስተኛውን መተው ግን የኢማን ጉድለት አይሆንም።

እዚሁ ኪታብ ውስጥ ስለ ተስፋ ሲናገሩም ገበሬን ምሳሌ ያደርጋሉ። ለም መሬት መርጦ፣ ጥሩ ዘር ዘርቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ቀሪውን ከአላህ የሚጠብቅ ገበሬ ተስፋው ተስፋ ይባላል። ውሃ በማይደርሰው ጨዋማ መሬት ላይ ዘርቶ አዝመራ የሚጠብቅ ሰው ግን የተያዘው በመታለል ነው። ኢማሙ የሚናገሩት ስለ አኺራ ተስፋ ነው፤ ሚዛኑ ግን ለዱንያችንም ያገለግላል።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ይህን ነው። ዱዓ ገደብ የለውም፤ ሰበብ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ለሚሞተው አባታችሁ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሳችሁ ሽፋን ለምኑ። አላህ ያለ ሰበብ ማዳን ይችላል፤ በዚህ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሰበብ ያልሆነን ነገር "ሰበብ ነው" ብሎ መናገር፣ አላህ በፍጥረቱ ውስጥ ስላኖረው ሥርዓት ሳያውቁ መመስከር ነው። ሳያውቁ መመስከር ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሌላው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። "ለማንኛውም ሊሞት ነው፤ ቢሞክር ምን ይጎዳል?" ይባላል። እኔም ያኔ በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው። አሁን ግን ጉዳቱን ቆጥሬ አውቀዋለሁ። እኚያ አባት የመጨረሻ ሳምንቶቻቸውን ያሳለፉት ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ከልጅ ልጆቻቸው ርቀው፣ በሆቴል አልጋ ላይ ነው። ኑዛዜ ለመናገር፣ ከተጣሉት ጋር ለመታረቅ፣ አውፍታ ለመጠያየቅ ጊዜ አላገኙም፤ "ድነህ ትመለሳለህ" የተባለ ሰው አይሰናበትምና። ልጆቹ ቤት አጡ። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ንብረታቸውን ሁሉ ሊሰጡ ባሰቡ ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ እንዳያልፉ ነገሯቸው፤ ወራሾችን ለልመና ከመዳረግ ይልቅ የማይቸገሩ አድርጎ መተው እንደሚሻልም አስተማሯቸው። ያ ስለ ኑዛዜ የተነገረ ነው፤ ለሕክምና የሚወጣውን ወጪ አይከለክልም። ግን በሞት አልጋ አጠገብ እንኳ ሆነን የሕያዋን ሐቅ እንዳንረሳ ያስታውሰናል።

"እንዲህ ከሆነማ አዲስ ሕክምና ከየት ይመጣል? ማንም ካልሞከረ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያውን የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ታማሚው አልተረፈም። ከዚያ በኋላ የመጡትም ብዙ አልቆዩም። ንቅለ ተከላ የተቀባይን ዕድሜ ማራዘም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዛሬ በህንድና በቱርክ ወንድሞቻችን የሚታከሙበት ሕክምና በእነዚያ ሰዎች ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ያልተረጋገጠን ነገር መሞከር በራሱ ወንጀል አይደለም። እዚያ ብሪታንያ የተሳተፉት 81 ታማሚዎችም ያልተረጋገጠ ነገር ነው የሞከሩት። ልዩነቱ ምንድን ነው? በእውነተኛ ጥናት ውስጥ ሐኪሙ ለታማሚው "ይሠራ እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅ እርዳኝ" ይለዋል። ውጤቱም ሲከሽፍ ሳይደበቅ ይታተማል። ሻጩ ግን "ይሠራል፤ ክፈለኝ" ይላል፤ የሞቱት ቪዲዮ ላይ አይታዩም።

መስመሩ በአዲስና በአሮጌ መካከል አይደለም። "አላውቅም" በሚልና አለማወቁን በሚደብቅ መካከል ነው። ኢማሙ ማሊክ ከሩቅ አገር መጥተው ለጠየቋቸው ሰዎች ሳይቀር "አላውቅም" ማለትን አልፈሩም። ይህች ቃል የዒልም ግማሽ ናት ይባላል። ለእኔ በዚያ ጁሙዓ የጎደለችኝ እርሷ ናት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ነገ ለእናንተም እንዲህ ያለ መልእክት ይደርሳችኋል። "ሼር አድርጉ፣ የአንድ ነፍስ ጉዳይ ነው" ይላል። ሼር ማድረግ ምስክርነት ነው። ከመጫናችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ታማሚውን ሲከታተል የቆየው የጉበት ሐኪም ስለዚህ ሕክምና ምን ይላል? በጽሑፍ ነው ያለው?
2. ሕክምናው ጥናት ነው ወይስ ሽያጭ? ጥናት ከሆነ ለምን ታማሚው ብዙ ገንዘብ ይከፍላል?
3. ክሊኒኩ ስላልዳኑትና ስለተጎዱት ይናገራል ወይስ ስለዳኑት ብቻ?
4. ታማሚው ራሱ እውነቱን ያውቃል? የሄደው ፈልጎ ነው ወይስ ቤተሰቡን ላለማሳዘን?
5. ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ልጆቹ የት ይገባሉ?

ይህን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። የታመመ ወንድማችሁ ሐቅ ነው።

ሌላም አደራ አለኝ። እነዚያ ቤተሰቦች ቤት እስከሚሸጡ ድረስ ስለ ስቴም ሴል ሲያወሩ፣ "እናንተስ ተመርምራችኋል?" ያላቸው ሰው አልነበረም። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። አባት ከሞቱ በኋላ ልጆቹ ሲመረመሩ የወጣቱ ታናሽ እህት ቫይረሱ ተገኘባት። አልሐምዱሊላህ፣ ጉበቷ ሳይጎዳ በጊዜ ክትትል ጀመረች። ምርመራው የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ቫይረሱ የሌለበት ሰው ይከተባል፤ ያለበት ሰው ደግሞ ሲያስፈልገው ቫይረሱን የሚያዳክም መድኃኒት አለ። ከማግባታችሁ በፊት ተመርመሩ። ጫት የምትቅሙ ወንድሞቼም ስሙኝ፤ ሐረር ውስጥ በሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ከመጋለጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እርግጠኛው ሰበብ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ የመላምቱን ፍለጋ ባሕር አንሻገር።

ታሪኩን ልጨርስ። ልጁ ከጠየቀኝ በኋላ በተከታዩ ጁሙዓ እዚያው ማይክ ላይ ቆምኩ። "ያን ቀን ሳላጣራ 'ያድናል' ብያችኋለሁ። አውፍ በሉኝ" አልኩ። ሰዉ ዝም አለ። ስወጣ ሻይ የሚሸጡት እናት ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ብርጭቆውን እየለቀለቁ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ለአላህ ብዬ ነው የሰጠሁት፤ አልቆጨኝም። ግን ልጄ፣ እውነቱን ብትነግረንም እኮ እንሰጥ ነበር።"

ይህች ቃል ከተማርኳቸው ኪታቦች እኩል አስተምራኛለች። እኔ እውነቱ የሰዉን እጅ ይዘጋል ብዬ ፈርቼ ነበር። "አባታችን በጠና ታመዋል፤ ሕክምናው እንደሚሠራ አልተረጋገጠም፤ ቤተሰቡ ግን ብቻውን እንዳይወድቅ እናግዘው" ብል ኖሮ፣ ያቺው መቀነት ትፈታ ነበር። ገንዘቡም ለአባት ሕመም ማስታገሻ፣ ለልጆቹ ምርመራ፣ ለቤታቸው ይሆን ነበር። አባትም ተሰናብተው ይሄዱ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ርኅራኄ ከእውነት ጋር ሲሆን ርኅራኄ ነው፤ እውነት ከተለየው፣ ልባችን ቢያለቅስም እንኳ ማታለል ነው። ሰው ተስፋውን እጃችሁ ላይ ሲያኖር አማና አኑሯል። አማና ደግሞ እንደተቀበሉት ነው የሚመለሰው፤ ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን። የሞቱትን ይማርልን። ሳናውቅ ከመናገር ምላሳችንን ይጠብቅልን። ሕክምናን በእውነት የሚፈልጉትን ሊቃውንት መንገዱን ይክፈትላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።